አርባ ሰባት ቁጥር

አርባ ሰባት ቁጥር፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ፣ በሲባጎ ታስሮ፣
ዘጠኝ ክረምት ከረመ መጥረቢያዬ፣ በወረዳው ግምጃ ቤት ከአይጥ ጋር ተዳብሮ።
የቀማኝ ሸዋንግዛው፣ የደኑ ዘበኛ፤
እሱ ባለ ፊሽካ፣ እኔ ባለ አህያ፣
ሌሊት ብቻ የምንተዋወቅ፣ ቀን ቀን መንገደኛ።
እሱ ሳሌን ያውቃል፤ እኔ እርምጃውን፣
የግራ ጫማው ሶል ድንጋይ ሲረግጥ የሚጮኸውን።

ስንቱን ጽድ አወረድኩ ለደብረ ሲና ቤት፣
ምሰሶ ሆነ ለሰው፤ ለእኔ ግን ጨው ሆነ፣ አንድ ጠርሙስ ዘይት።
ሌብነት ነው አሉት። እኔ ግን በልቤ፣
«የመንግሥት ነው» ሲሉኝ፣ «መንግሥት መቼ መጣ፣
መቼ ውኃ ጠጣ፣ ከዚህ ምንጭ ከአጠገቤ?»
የመንግሥት ከሆነ የማንም ነው ብዬ፣
ቆረጥኩኝ በጨረቃ፤ ከጎኔ ቆረጠ ጥቁሩ ጥላዬ።

ከዚያማ አንድ ጥር የእንኮዬ ምንጭ ነጠፈ፤
ቢጫው ጀሪካን ሁሉ ጠዋት በባዶው ተሰለፈ።
ማንም ማንን አልሰደበም። ዝም አልን። ዝምታው ግን ቁጥር ያውቅ ነበር፤
ማን ስንት ግንድ እንዳወጣ፣ በየትኛው ሌሊት፣ በየትኛው በር።

ምንታምር የምትባል ባለሙያ መጣች በሞተር ብስክሌት፤
ካርታዋን ዘርግታ አራት ድንጋይ ጫነች፣ የታርማበር ነፋስ እንዳይወስድባት።
«ይኸውና ደኑ» ስትል፣ ወርቅያንጥፉ ተነሣች ተናዳ፤
«የሟች ባሌ ገብስ በዚህ መስመር ውስጥ ነው?
እንግዲህ እኔም ዛፍ ልሁን፣ ልብቀል ከሜዳ?»
ሦስት ቀን ዞርነው ድንበሩን፣ በእግር፣ ቀይ ቀለም በባልዲ ይዘን፤
ካርታው «ገባር» ያለውን እኛ «በሬ ገደል» ብለን፣
አንድ ገብስ ማሳ ለማትረፍ ቀዩን መስመር አጣመን።

ውሉ ተነበበ። አሥራ አንድ ገጽ። ጭላዶቹ ከአፋፉ ተቀምጠው እንደ ዳኛ፤
ደረቅ እንጨት ማክሰኞና ቅዳሜ፤ ሣር በኅዳር፤ ቀፎ መስቀል ይቻላል፤
እርጥብ የቆረጠ ግን ይቀጣል፣
ዘመድም ቢሆን፣ ቄስም ቢሆን፣ የደኑም ዘበኛ።
አውራ ጣቴን ነከርኩ። ሰማያዊው ቀለም ጥፍሬ ሥር ገብቶ፣
አየሁት የሸዋንግዛውን አሻራ፣ የእኔን ግማሹን ተጋፍቶ፤
ልክ እንደ ግንድ ልብ፣ በተቆረጠ ዕለት ዕድሜው እንደሚታይ፣
ክብ በክብ ላይ ተኝቶ።

ማህተሙ ግን ዘገየ። ያዡ ለቅሶ ሄዷል ተባለ።
ያለ ማህተምም ያን ሁለት ሳምንት አንድ ዛፍ አልጎደለ።

ያን ጊዜ ነው የጠየቅኩት፤ «መጥረቢያዬን መልሱ።»
ሳቁ። ሸዋንግዛው ግን አልሳቀም። ሄደ፤ አመጣው ራሱ።
ስለቱ ዝጓል፤ ዛቢያውን ምስጥ በልቶት፣
ቁጥሩ ብቻ ደህና። አርባ ሰባት።

አዲስ ዛቢያ ያሻዋል። ዛቢያ ደግሞ ወይራ ነው፤ ወይራው ያለው ደን ውስጥ፤
ደኑ ደግሞ ዛሬ ኮሚቴ ሳይሰበሰብ፣ እጅ ሳይቆጠር የማይቆረጥ።
ማመልከቻ ጻፍኩ። ጸሐፊው እኔው ነኝ፤ እኔው አነበብኩት ቆሜ፤
«አመልካች ይርዳው እሸቴ…» በገዛ ድምፄ ስጠራው እንግዳ ሆነብኝ ስሜ።
«መጥረቢያ ለምን?» አለች ወርቅያንጥፉ።
«ለቤት» አልኩ። ቤቴን ያውቃሉ።
ሁለት እጅ ፈቀደ፤ ሁለት እጅ ከለከለ፤ የእኔ አልተነሣም።
ለሌላ ማክሰኞ ተቀጠረ።

ዛሬ ሌሊት ተራው የእኔና የሸዋንግዛው ነው፤ ከምንጩ በላይ አዳር።
ጉም ከቆላው ይወጣል፤ ጽዱን አንድ በአንድ ይሸፍናል እስከ ዳር።
ውኃው ተመልሷል ይላሉ፤ ገና ነው፤ ጠብ ይላል፣ ይቆማል፣ ጠብ ይላል።
ዝም ብለን ስንሄድ የግራ ጫማው ይጮኻል።
ብርድ ያዘኝ፤ ሳልኩ።
እጁ ወደ ደረቱ ሮጠ፣
ፊሽካው ከንፈሩ ደረሰ። ከዚያ ትዝ አለውና
ዝቅ አደረገው። ምንም አልተናገረ።
እኔም አልሳቅኩም።
መጥረቢያ የሚይዘው እጄ፣ ባዶው፣
ለካ ኪሴ ውስጥ ተጨብጦ ነበረ።